መዝገቡ ላይ የሌለው አማች

ሾፌሩን በስሙ የሚጠራው መንጃ ፈቃዱ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ባስር ይለዋል፤ ወሬ እጁ ከገባ በአስር አባዝቶ ስለሚያወጣው። ሁለት ውሻ ቢያባርረው ሃያ ጅብ ሆኖ ነው የሚወራው። አንዴማ ፍሬን የበጠሰች መኪና ቁልቁለት ላይ በፉጨት አቆምኩ ብሎ በእናቱ ስም ምሏል፤ ያንን እንኳ ማካፈል የቸገራቸው የጋራዥ ሰዎች ሻያቸውን ፉት አሉ። ባስር የሚሠራበት የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ውስጥ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር ይኼ ነው፦ ባስር የነገረህን ለአስር አካፍለህ ስማው፤ ከቸኮልክ ደግሞ አትስማው።

ያን ሰኞ ጧት ግን ባስር ቃል አልተነፈሰም። መኪናዋን ሁለት ጊዜ አጠባት፤ ሁለተኛውን ጊዜ ሳሙና መጨመር ረስቶ።

የእህቱ ባል ከተያዘ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ሰውየው ባለሸራ ነው፤ የጭነት መኪና ሸራ ይሰፋል፣ የተቀደደውን ይጥፋል። አንድ ሙሉ ጭነት ጎማ ተዘርፎ ሜዳ ላይ ሲገኝ፣ ላዩ ላይ የተጣለው ሸራ የሱ ስፌት ሆነና ሁለት ፖሊሶች መጥተው መርፌውን እንኳ ሳያስቀምጥ ይዘውት ሄዱ። ሸራው የማን ነው፣ ተናገር ነው ነገሩ። የከተማውን ጭነት መኪና ሁሉ የሚያለብስ ሰው የቱን ያስታውሳል?

እህቱ በየቀኑ ጣቢያው መስኮት ላይ ትቆማለች። «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ይሏታል። «ከሌለ ላለው ስጡልኝ» ብላ ምግቡን በፌስታል ትታ ትመጣለች። በአራተኛው ቀን ባዶው ሳህን በፌስታሉ ተመልሶ መጣ፤ የፌስታሉ አፍ ታስሯል። ልትፈታው ስትታገል ቆየችና ድንገት እጇ ቆመ። ሁለቴ ዞሮ በራሱ ላይ የሚያልፍ፣ ሲስቡት የሚጠብቅ፣ ጫፉን ሲነኩት ግን ብትን የሚል ቋጠሮ ነው፤ ሸራ ጭነት ላይ የሚታሰርበት። ባሏ የጫማውን ክር እንኳ የሚያስረው እንደዚያ ነው።

«ጋሼ፣ እዚያው ነው ያለው» አለችው ለባስር፣ ፌስታሉን እንደ ሕፃን ታቅፋ። «አንተ የምትሠራው እንዲህ ያለውን ነገር ከሚያዩ ሰዎች ጋር አይደለም? ንገራቸዋ።»

ነገራቸው። ጉዱም የመጣው እዚህ ላይ ነው። እስር ቤቶችን ሳይታሰብ እየሄደ የሚጎበኘውን ክፍል የምትመራውን ኃላፊ ኮሪደር ላይ አስቁሞ አፉን ሲከፍት፣ ልማድ የሚሉት ነገር ቀደመውና ሁለቱ ፖሊሶች ሃያ ሆነው ወጡ። ወዲያው ከኋላቸው አንድ ታንክ ተከተለ። «ለመርፌው ለብቻው ካቴና አስገቡለት» ላይ ሲደርስ ኃላፊዋ ሳቀች። ትከሻውን መታ መታ አድርጋ «ጋሽ ባስር፣ አንተ ባትኖር በዚህ መሥሪያ ቤት ማን ይስቅ ነበር» ብላ ስብሰባዋ ገባች። ባስር ኮሪደሩ ላይ ተገትሮ ቀረ። ተከትሎ ገብቶ እውነቱን ልናገር ቢል፣ እውነቱ ከቀልዱ ያነሰ መሰለውና አፈረ። ከዚያ ወዲህ ባያት ቁጥር ሰላምታ ብቻ ሰጥቶ ያልፋል።

በዚያው ሰሞን እንግዳ መጣ። ባሕር ማዶ ያለ የሌላ አገር ኮሚሽን ከነሱ ኮሚሽን ጋር ተፈራርሟል፤ የዚህኛው ሰዎች እዚያ ሄደው እስር ቤት ያያሉ፣ የዚያኛው ሰው እዚህ መጥቶ ያያል፣ የታሰረ ሰው እንዳይሰቃይ ምን እንደሚበጅ ይማማራሉ። ወረቀቱ ላይ ያለው ማኅተም ብዛቱ ለሠርግ ጥሪ ይበቃል። የመጣው ሰው ግን አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ ነው። ኮሚሽን ከመግባቱ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት የወህኒ ዘበኛ ነበር አሉ። ሰው ሰላም ከማለቱ በፊት በርና መስኮት ይቆጥራል። የኮሚሽኑን ሕንፃ ከውጭም ከውስጥም ቆጥሮ «አንድ የተደፈነ ክፍል አላችሁ» ሲል፣ እዚያ አሥር ዓመት የሠሩ ሰዎች ግድግዳ ሊያንኳኩ ሄዱ። ባስር በዚያው ቀን ቆጣሪው አለው።

ቆጣሪው ሁለት ልማድ ይዞ መጥቷል። አንዱ ፖስታ ነው። ኮሚሽነሩ ሦስት ቦታ መርጠው በሦስት ፖስታ ያሽጋሉ፤ የት እንደሚኬድ የሚታወቀው መኪና ውስጥ፣ መንገድ ከተጀመረ በኋላ አንዱ ሲከፈት ነው። ሁለተኛው የብስኩት ጣሳ ነው። የሁሉም ሰው ስልክ ጣሳው ውስጥ ይገባና የመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ቁልፉ ኃላፊዋ ኪስ ነው። ከዚያ በፊት ጣቢያ በሄዱ ቁጥር ወለሉ ታጥቦ፣ ግድግዳው ተቀብቶ ነበር የሚጠብቃቸው። አንድ ቀን ኮሚሽነሩ ግድግዳ ተደግፈው ቆይተው፣ ኮታቸው ጀርባ ላይ አረንጓዴ መስመር ይዘው ቤታቸው ገብተዋል። ወሬው በማን በኩል እንደሚያፈተልክ ማንም በአፉ አልተናገረም፤ ጣሳው ግን መጀመሪያ የሚዘረጋው ወደ ባስር ነው። እሱም ያውቃል። ጋራዡ አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ተቀምጦ «ነገ የት እንደምንገባ ብነግራችሁ ፀጉራችሁ ይቆማል» ያለው ስንቴ ነው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ፤ ኃላፊዋ ከፊት፣ ቆጣሪው ከኋላ። ዋናው መንገድ ላይ ሲወጡ ኃላፊዋ ሦስቱን ፖስታ እንደ ካርታ ጨዋታ ዘርግታ ወደ ኋላ አሳለፈች። ቆጣሪው ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን መዘዘ። ባስር በመስታወቱ ያያል። ከሦስቱ በአንዱ ያ ጣቢያ ይኖር ይሆናል። ላይኖርም ይችላል።

ፖስታው ተቀደደ።

«የሴቶች ማረሚያ ቤት» አለች ኃላፊዋ። «ወደ ግራ ታጠፍ።»

ባስር አልታጠፈም። «በዚያ በኩል መንገድ የለም» አለ።

«ምን ሆኖ?»

«ድልድዩ ፈርሷል። ትናንት ማታ። አርባ መኪና ወንዝ ገብቷል።»

ኃላፊዋ ጣቶቿን ቆጠር ቆጠር አደረገች። «አራት መኪና ማለት ነው። እሱም ቢሆን ጎማው የተነፈሰበት አንድ ታክሲ ይሆናል። ታጠፍ፣ ጋሽ ባስር፣ ጊዜ የለንም።»

ባስር ወደ መንገዱ ዳር ያዘና አቆመ።

«ሁለት ነበሩ» አለ።

«ምኑ?»

«ፖሊሶቹ። ያን ቀን ኮሪደር ላይ ሃያ ያልኩዎት ሁለት ናቸው። ታንክም የለም።»

ኃላፊዋ ዞር ብላ አየችው። ባስር መስታወቱን ሳይሆን ፊት ለፊቱን እያየ፣ ሰው ለሐኪም እንደሚናገር በዝግታ ተናገረ። የእህቴ ባል ነው። አሥራ አንድ ቀኑ ነው። የለም ይላሉ። ምግቡ ግን ተበልቶ ይመለሳል፣ ፌስታሉም በሱ ቋጠሮ ታስሮ ይመጣል። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

«ይኼንን ለምን ያን ቀን እንዲህ አድርገህ አልነገርከኝም?»

«አፌ ነዋ።»

ከኋላ ቆጣሪው ምን እንደሆነ ጠየቀ። ኃላፊዋ በቋንቋው ነገረችው፤ በመሀል እጇን እያወናጨፈች፣ ባስር ስንቴ እንደዋሻት የምትዘረዝር ይመስላል። ሽማግሌው ሰምቶ ሲያበቃ ጥቂት ቃል ተናገረ።

«ከመጨረሻው ጀምረህ ወደ ኋላ ንገረኝ ይልሃል» አለች። «ፈጥሮ የሚያወራ ሰው ወደ ኋላ ሲባል ይደናቀፋል ይላል።»

ባስር በሕይወቱ ወደ ኋላ የሚሄድ ወሬ አውርቶ አያውቅም። ግን ጀመረ፦ እህቴ ፌስታሉን ታቅፋ። ከዚያ በፊት ፌስታሉን ስትፈታ። ከዚያ በፊት መስኮቱ ላይ ያለው ፖሊስ እየወረወረላት። ከዚያ በፊት ከሌለ ላለው ስጡልኝ ስትል። ከዚያ በፊት ሱቁ ጎረቤት ያለው ብየዳ ሠራተኛ እየሮጠ መጥቶ ወሰዱት ሲላት። ከዚያ በፊት መርፌው። ቆጣሪው ሁለት ጊዜ አቋረጠውና መሀል ላይ ያለውን ዳግመኛ ጠየቀው፤ ያው ነው የመጣው።

ሽማግሌው የቦርሳውን ማንገቻ አውልቆ ሰጠው። ባስር ሳይጠየቅ ገባው። ሁለቴ አዙሮ በራሱ ላይ አሳለፈና ሳበው። ቆጣሪው በጉልበቱ ጎተተው፤ ጠበቀ እንጂ አልተፈታም። ጫፉን ነካ ሲያደርገው ብትን አለ። ሰውየው ማንገቻውን ቦርሳው ላይ መልሶ ገጠመው። ከዚያ የተናገረው አጭር ነው፤ ኃላፊዋ ግን ለመተርጎም ጊዜ ወሰደባት።

«ምን አለ?» አለ ባስር።

«ምግብ እየገባ ስም የሌለበት ቤት አውቃለሁ አለ። ዘበኛ በነበረበት ወህኒ መዝገብ ላይ ለሌሉ ሰዎች አንድ ክፍል ነበረ። ቁልፉ አራት ዓመት እሱ ኪስ ነበር።»

ባስር በመስታወቱ ሊያየው ፈልጎ አልደፈረም።

ኃላፊዋ ማስታወሻዋን ከፈተች። «ቤተሰብ ጥቆማ ከሰጠ ቦታ መቀየር ይቻላል፤ ደንቡ ይፈቅዳል። ጥቆማውን ማን እንደሰጠም ይጻፋል።» ሰዓቱን አይታ ጻፈች፦ ጥቆማ ሰጪ ሾፌራችን፣ የታሳሪው አማች። «አሁን ስማኝ። የሱን ስም አንጠራም። ከጠራነው እኛ ስንወጣ መከራውን የሚያየው እሱ ነው። ሁሉንም ሰው እናነጋግራለን፣ ማን ምን እንዳለ እንዳይለይ። አንተ ከመኪናህ አትወርድም። ቢያይህም አታውቀውም። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«እንባ የለም። ወሬ የለም።»

«ወሬ የለም» አለ ባስር፣ መኪናዋንም አዞረ።

ጣቢያው ወደ ጎን የረዘመ ፎቅ የሌለው ቤት ነው፤ ፊት ለፊት ዋናው በር፣ በጎን ደግሞ ወደ ኋላ በር የሚወስድ ጠባብ መንገድ አለው። ኃላፊዋና ቆጣሪው ወረቀታቸውን አሳይተው ገቡ። ባስር መሪው ላይ ቀረ። የበሩ ፖሊስ ሥራ ፈትቶ ነበርና መጥቶ መስኮቱን ተደገፈ።

«እነማን ናቸው?»

«ከመሥሪያ ቤት ናቸው።»

«ያ ሽማግሌ ግድግዳውን ምን ያየዋል?» ቆጣሪው ከውስጥ ተመልሶ ወጥቶ በሕንፃው ዙሪያ እየተራመደ መስኮቶቹን በጣቱ ይነካል።

«ቤት ሊገዛ ነው» አለ ባስር።

ፖሊሱ ሳቀ። ባስር አልሳቀም፤ እሱም በዓይኑ አብሮ እየቆጠረ ነው። ዘጠኝ መስኮት። ዘጠነኛው በቆርቆሮ ተመትቷል። ቆጣሪው እዚያ ጋ ትንሽ ቆሞ ተመልሶ ገባ። በተከፈተው በር የጣቢያው አዛዥ ሳቅ ይሰማል። ቆይቶ ሳቁ ጠፋና ኮቴ ብቻ ቀረ።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። የባስር ዓይን ጎን መስታወቱ ላይ ሲያርፍ በጠባቡ መንገድ መጨረሻ አንዲት ሸራ የለበሰች ትንሽ የጭነት መኪና በኋላዋ ወደ ኋላ በሩ ስትጠጋ አየ። አንድ ፖሊስ ወዲያና ወዲህ ገልመጥ ብሎ በሩን ከፈተ። ከሸራው ሥር እግር ብቻ ነው የሚታየው። ባዶ እግር። መሬቱ ፍም የሆነ ይመስል በተረከዛቸው ጠርዝ ነው የሚረግጡት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስድስተኛው እግሩን ይጎትታል። ሰባተኛው ሲገባ ሸራው ወረደ።

ውስጥ ያሉት አያዩም። ስልኩ ጣሳ ውስጥ፣ ጣሳው መሳቢያ ውስጥ፣ ቁልፉ ከኃላፊዋ ጋር። ከመኪና አትውረድ ተብሏል። ስም አትጥራ ተብሏል። ያለው መኪናዋ ብቻ ናት።

ሞተሩን አስነሣ። «ጥላ ልፈልግ» አለው ለበሩ ፖሊስ፣ ጥላ በሌለበት አቅጣጫ እየዞረ። ጠባቡ መንገድ አፍ ላይ ገብቶ መኪናዋን አግድም አቆማትና አጠፋት።

ጭነት መኪናዋ መጥታ አፍንጫ ለአፍንጫ ቆመች። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ። «ወንድሜ፣ አሳልፈን።»

«ሞተሩ ሞተ።»

«አሁን ስትነዳት አልነበረም?»

«እሱ ነዋ የሚያሳዝነው። በወጣትነቷ።»

ሾፌሩ ሊስቅ ነበር፤ አጠገቡ ያለው ፖሊስ ግን ወርዶ መጣ። «ግፋው።»

«መሪው ተቆልፏል፣ ጌታዬ። ይቺ መኪና አመሏ ነው። ባለፈው ዓመት እንዲሁ ሞታ ሦስት ቀን ተኛች፤ በአራተኛው ቀን ማንም ሳይነካት ተነሥታ ብቻዋን ቤቷ ገባች። ጠዋት ስንመጣ ዘበኛው በር ከፍቶላት እያጠባት ነው…» አፉ ብቻውን ይሮጣል። ወሬ የለም እንደተባለ ያውቃል፤ ወሬው ግን አልቆም አለ።

«ቁልፉን አምጣ» አለ ፖሊሱ፣ እጁን በመስኮቱ እየሰደደ።

ባስር ቁልፉን ነቅሎ የተቀመጠበት ሥር ወሸቀውና በክርኑ ጡሩምባው ላይ ተኛ። ጡሩምባው ጮኸ። ፖሊሱ ኮሌታውን ጨበጠ።

«ተጣበቀ» አለ ባስር። «ጡሩምባው ደግሞ ተጣበቀ። እንግዲህ ሦስት ቀን መጮኹ ነው።»

«ልቀቀው አልኩህ።»

«እኔ ልቀቅ እላለሁ፣ እሱ አልለቅ ይላል።»

ጥፊው ጆሮው ላይ አረፈ። ዓለም ፉጨት ብቻ ሆነች። ክርኑን ግን አላነሣም፤ ያንን ጩኸት ካቆመው ከሸራው ሥር ያሉት ሰዎች ወደማይታወቅ ቦታ ይሄዳሉ፣ እህቱም የባዶ ቤት መስኮት ላይ ስትቆም ትኖራለች። ሌላ ነገር አላሰበም።

ከዚያ ኃላፊዋ ከዋናው በር ስትሮጥ ታየች። ቆጣሪው ከኋላዋ፣ አዛዡ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ከሁሉም ኋላ። ፖሊሱ ኮሌታውን ለቀቀ። ባስርም ክርኑን አነሣ።

ቆጣሪው ማንንም ሳያናግር ወደ ጭነት መኪናዋ ሄዶ ሸራውን ገለጠ።

«ሐኪም ቤት ሊወሰዱ ነው» አለ አዛዡ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«መዝገቡ ላይ አርባ አንድ ሰው ነው» አለች ኃላፊዋ። «አርባ አንዱንም አሁን ውስጥ ቆጥረናቸዋል። እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ገና ሊመዘገቡ ነው።»

«ሐኪም ቤት ነው ወይስ ምዝገባ?»

አዛዡ ኮፍያውን አደረገ፣ መልሶ አወለቀ።

ባለሸራው ከሰባቱ መሀል ተቀምጧል። ፊቱ አብጦ የሌላ ሰው ፊት ሆኗል፤ ዓይኑ ግን ያው ነው። ዓይኑ ሲንከራተት ቆይቶ ባስር ላይ አረፈ፣ አፉም ተከፈተ። ባስር ዕድሜ ልኩን የሌለውን ነገር እንዳለ አድርጎ ሲያወራ ኖሯል፤ ያለውን እንደሌለ ማድረግ ግን እንዲህ አንጀት እንደሚቆርጥ አያውቅም ነበር። መንገደኛን እንደሚያይ አይቶት አለፈና ወለሉ ላይ የወደቀ ነገር የሚፈልግ መስሎ ጎንበስ አለ። እዚያው ጎንበስ እንዳለ ሲጠብቅ ቆየ። ባለሸራው አፉን ገጠመው። ስም አልተጠራም።

እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አርባ ስምንቱንም ሰው አንድ በአንድ አነጋገሩ፤ ለሁሉም እኩል ደቂቃ። የሚናገረው የሌለውም ቢሆን ደቂቃው እስኪሞላ ስለ ትኋን አውርቶ ይወጣል። ቆጣሪው የሰባቱን ሰዎች እግርና ጀርባ እያየ ደብተሩ ላይ ሣለ፤ የቱ ጋ እንዳበጠ፣ የቱ ጋ እንደጠቆረ፣ ልኩ ስንት ጣት እንደሆነ። መስኮቱ በቆርቆሮ የተመታው ዘጠነኛውም ክፍል ተከፈተ። ዕቃ ቤት ነው የተባለው ክፍል ውስጥ ዕቃ አልነበረም። ሰባቱ ስሞች በኃላፊዋ ፊት መዝገቡ ላይ ገቡና አዛዡ ፈረመ።

ከዚያ ኃላፊዋና ቆጣሪው ብቻቸውን ወደ መኪናዋ መጡ።

«እሱስ?» አለ ባስር።

«መፍታት አንችልም። ማየት፣ መጻፍ፣ ለበላይ ማሳወቅ ነው የኛ ሥልጣን። ደብዳቤው ዛሬውኑ ለዐቃቤ ሕግ ይደርሳል። ሐኪም እንዲያያቸውም አዘናል።»

«ትተነው ልንሄድ ነው?»

«ነገ ጧት እንመለሳለን። ነገሩ ሁሉ መመለሱ ላይ ነው ይላል እሱ።»

«ዛሬ ማታስ?»

ቆጣሪው ባስር ምን እንዳለ ኃላፊዋን ጠየቃት፤ ነገረችው። ሽማግሌው ጣቢያውን እያየ ተናገረ።

«ዛሬ ማታን እኔም እፈራዋለሁ ይልሃል» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለእህትህም እስከ ነገ ምንም እንዳትነግራት። አሁን ሄዳ መስኮቱ ላይ ስሙን ከጠራች ጥቆማው ከየት እንደመጣ ያውቃሉ፣ ማን ላይ እንደሚወጡበትም ያውቃሉ።»

ቤት ሲደርስ እህቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ባሏ ከተያዘ ወዲህ እሱ ቤት ነው የምታድረው።

«ጋሼ፣ ዛሬ የት ሄዳችሁ?»

«ዞርን።»

«የት?»

«ከተማ ውስጥ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ ጥያቄ እስከ ራት የሚዘልቅ መልስ ነበረው። እህቱ ግንባሩን ዳሰሰችው። የቀላው ጆሮው ላይ እጇ ቆየ። «ምን ነካህ?»

«በሩ መታኝ» አለና ራሴን አሞኛል ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ለነገ የምትወስደውን ምግብ ስታሰናዳ ይሰማዋል። ሳህኑ ሲነካም ይሰማዋል። ምላሱን በጥርሱ ይዞ አደረ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጣቢያው በር ላይ ነበሩ። በዚህ ቀን ፖስታ አልነበረም። ኃላፊዋ ሰዎቹ ሁሉ ግቢው ላይ እንዲወጡ አስደረገችና መዝገቡን ይዛ ስም መጥራት ጀመረች። ዋናው በር ክፍት ነው፤ ባስር ከመሪው ላይ ሆኖ ይሰማል እንጂ ከአጥሩ የተነሣ አያይም።

አርባ አንዱ «አለሁ» እያሉ አለፉ። አንዳንዱ በእንቅልፍ ድምፅ፣ አንዳንዱ በሳል። ከዚያ ሰባቱ ጀመሩ። የመጀመሪያው አለ። ሁለተኛው አለ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ከዚያ የእህቱ ባል ስም ተጠራ።

ዝም።

ኃላፊዋ ደገመችው። ድምፅዋ እንደ ፊተኛው ነው፣ አልጨመረም አልቀነሰም። አሁንም ዝም። አዛዡ አንድ ነገር ሲያጉረመርም ተሰማ። የባስር እጅ የበሩን መክፈቻ ያዘ። ልውረድ፣ አልውረድ። ከወረደ ያውቁታል። ካልወረደ ደግሞ ምን ሊያደርግ ነው የተቀመጠው? በሩ ቀጭ አለ፣ አንድ እግሩ መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው የባለሸራው ስም ለሦስተኛ ጊዜ ተጠራ።

«አለሁ» የሚል ድምፅ ከታች፣ ከመሬት አካባቢ መጣ። ሻካራ ድምፅ ነው፤ ግን ያው ነው።

ባስር እግሩን ወደ መኪናው መለሰ። ሰባተኛው ስም ሲጠራ አልሰማም።

ቆጣሪውና ኃላፊዋ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጡ። ቆጣሪው መኪናው ውስጥ ገብቶ ደብተሩን ዘረጋ፤ የትናንቱ ሥዕል በግራ፣ የዛሬው በቀኝ።

«አዲስ ነገር የለም» አለች ኃላፊዋ። «ሌሊቱን አልነኩትም። መቆም ያቃተው የቆየው እብጠት ብሶበት ነው። አምቡላንስ ተጠርቷል፤ በሐኪም ቤትም መዝገብ ይኖረዋል። ከሰዓት በኋላ ከስድስቱ ጋር ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ እሱ በቃሬዛም ቢሆን።» መሳቢያውን ከፍታ ጣሳውን አወጣችና ስልኩን ሰጠችው። «አሁን ለእህትህ ደውልላት።»

ባስር ደወለ። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሣችው።

«አለ» አላት። «መዝገብ ላይ ተጽፏል። ወደ ሐኪም ቤት እየወሰዱት ነው፤ አንቺም ወደዚያ ሂጂ። ግራ እግሩ አብጧል፣ ፊቱም። መቆም አይችልም። ይናገራል።»

በወዲያኛው በኩል ወንበር ተጎተተ።

«ልብስ ልያዝለት?»

«ያዢለት።»

«የቱን?»

ባስር በመስታወቱ ቆጣሪውን አየው። ሽማግሌው ደብተሩ ላይ ጣቱን አሳርፎ የእብጠቱን ልክ እያየ ነው።

«ሰፋ ያለውን ሱሪ» አለ ባስር።